ሦስት ሜትር ጎማና አንድ ታንኳ

«የጎማው ሰውዬ ዛሬ ነው። ያው አራት ዓመት ይደርሰዋል» አለ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከረ። ያወራው አጠገቡ ለተቀመጠው ባልደረባው ነው፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ስለተቀመጥኩ ማን እንደሆንኩ አላወቀም። አነጋገሩ ክፋት የለበትም፤ «ሽንኩርት ስልሳ ብር ገባች» እንደሚል ሰው ነበር። ባልደረባው «ለጎማ?» አለው። «ለጎማውማ ሦስት ወርም አይሞላ። ሦስተኛው ስለሆነ ነው እንጂ» ብሎ ገና ሳይጨርስ ብስኩቱ ተቆርጦ ሻዩ ውስጥ ሰመጠበትና ወሬውን ትቶ በማንኪያ ፍለጋ ያዘ።

የጎማው ሰውዬ ስሙ ትዕዛዙ ነው፤ የታላቅ እህቴ የካሰች ባል። እኔ ባየህ እባላለሁ። ወረታ ውስጥ ካሉት ሩዝ መፈልፈያ ቤቶች በአንዱ ጆንያ እሸከማለሁ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወሬ እሸከማለሁ። ስምንተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ተምሬያታለሁ፤ በሦስተኛው ዓመት መምህሩ ራሱ ሲረሳ «ቀጥሎ ምን ነበር ባየህ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ለደጋሚ ተማሪ ቅጣቱ ከታናናሾቹ ጋር የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው፤ ሦስቴ የወደቀ አራት ዓመት ይቆለፍበት ያለ ርእሰ መምህር ግን አላየሁም። ከተማው የሚያውቀኝ ታዲያ በትምህርቴ ሳይሆን በውሸቴ ነው። ወንዛዬ ፍል ውሃ ውስጥ አንድ ሰው ዶሮውን እንዳቀፈ ቢገባ ዶሮዋ በስላ ወጣች፣ የጎደላት ሽንኩርት ብቻ ነበር ያልኩት እኔ ነኝ። የፎገራ ቢንቢ አጎበር ከፍታ ገብታ ብርድ እንዳይመታህ ብላ መልሳ ትዘጋዋለች ያልኩትም እኔ ነኝ። ከሁሉ የሚወደድልኝ ግን የቤታችን ታሪክ ነው። በጎርፉ ዓመት ርብ ሞልቶ ሲወጣ ቤታችንን ከነምድጃዋ፣ ከተጣደው ሽሮ ጋር አንሥቶ ወሰደና አንበሳሜ አጠገብ አስቀመጣት፤ ምሳችንን በፎገራ፣ እራታችንን በደራ በላን፤ በነጋታው የሁለቱም ወረዳ ሰዎች ግብር ሊጠይቁን መጡ። «አንበሳሜ እኮ ሽቅብ ነው፣ ጎርፍ ሽቅብ ይሄዳል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ግብር የሚሸሽ ቤት ይሄዳል እለዋለሁ።

ሻዬን ሳልጨርስ አሥራ አምስት ብር አስቀምጬ ወደ ካሰች ቤት ሄድኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ነው የምትኖረው፤ አንድ ክፍል፣ በወር ሁለት ሺህ ብር፤ ግድግዳው የጭቃ ሆኖ ከውስጥ የሩዝ ጆንያ ተወጥሮበታል። ጆንያው ላይ የተጻፈው ሁሉ ተገልብጦ ስለተሰፋ አልጋ ላይ ተጋድሞ ማንበብ የሚፈልግ ሰው አንገቱን መስበር አለበት። ሐምሌ ገብቷል፤ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ ጧትም አልጠገበም። ከጣሪያው ጫፍ የሚወርደው ውሃ በርሜሉ ውስጥ መግባት ትቶ ከበርሜሉ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ጭቃውን ይቆፍራል። ከበላዩ፣ ጎማው ታስሮበት የነበረው ሽቦ ክብ እንደሆነ ቀርቷል። በርሜሉ ባዶ ነው። እህቴም ውሃ ከቦኖ ስታመጣ ቆይታ ኖሮ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

አልጋው ላይ ሁለት ፌስታል አስቀምጣለች። በአንደኛው የትዕዛዙ ነጭ ሸሚዝ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ ገብቷል፤ ወደ ቤት ሲመለስ የሚለብሰው ነው። በሌላኛው ጋቢ፣ ሁለት ሳሙና፣ አንድ ኪሎ በሶ አለ፤ ካልተመለሰ የሚወስደው። ልጃቸውን ሠርካለምን ጎረቤት ሰድዳታለች። ካሰች እኔን ያሳደገችኝ ናት፤ ሻይ ቤት ውስጥ አፌን የማይዘጋው ሰውዬ እሷ ፊት ስቀመጥ ቃል ያጥረኛል። እሷ ደግሞ ዝምታዬን ከአክብሮት ትቆጥረዋለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ተከባብረን ኖርን።

«ምን ይላሉ ሰዎቹ?» አለችኝ ዓይኗን ከፌስታሎቹ ሳታነሣ።

«ምን ይላሉ፣ ምንም።»

«የትኛውን ልያዝ?»

«ሸሚዙን ያዥ» አልኳት። እህቴ ታውቀኛለች፤ ሁለቱንም አንጠለጠለች።

ጎማውን የጠየቀችው እሷ ነበረች። በግንቦት «ክረምቱ ሳይገባ ውሃውን ወደ በርሜሉ የሚያወርድ ነገር ብታገኝልኝ» አለችው። ትዕዛዙ ያን ጊዜ ማናዬ በሚባል ሰው የሽንኩርት ማሳ ላይ የቀን ሥራ ይሠራ ነበር። ማናዬ ለውሃ መሳቢያ ሞተሩ አዲስ ጎማ ገዝቶለት የተሰነጠቀውን አጥሩ ላይ ጥሎታል፤ ዶሮዎች ያድሩበታል። ትዕዛዙ ከዚያ ላይ ሦስት ሜትር ቆርጦ፣ በትከሻው አንጠልጥሎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው አስፋልት፣ ያገኘውን ሁሉ ሰላም እያለ ወደ ቤቱ መጣ። ሌባ እንዲያ ሲሄድ ያየ ካለ ይንገረኝ። ማናዬ በበኩሉ ጎማው ማጠሩን ባየ ጊዜ፣ ማን እንደቆረጠው ሳያውቅ፣ ለፖሊስ ተናገረ። ትዕዛዙ መሆኑን ሲሰማ ግን «ኧረ ተዉት፣ ለዶሮዎቼ ሌላ ማደሪያ አላጣም» ብሎ ክሱን ሊያነሣ ሄደ። ክሱ የመንግሥት እንጂ ያንተ አይደለም ብለው መለሱት። ጎማው አሁን በመዝገቡ ላይ «የመስኖ መሣሪያ አካል» ተብሏል። ሰው ሲታሰር ጎማ ይሾማል።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ አያ ንብረት ከእኛ ቀድመው፣ ጥላቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ርብ ዳር ካለው መንደራቸው ሌሊት ተነሥተው፣ እስከ አስፋልቱ በእግራቸው፣ ከዚያ ወዲህ በባጃጅ ነው የመጡት። የጠራቸው የለም። «ስለዚያ ስለ ታንኳው ጉዳይ ይነሣል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ሳልኖር ስለ እኔ ታንኳ እንዴት ይወራል?» አሉ። ካሰች ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እኔም ሳምኩ። «አንተ ባየህ፣ ዛሬ ውሸት አለ?» አሉኝ እንደ ወትሯቸው። የለም አልኳቸው። «ታመሃል እንዴ» አሉና ለካሰች ቦታ ለቀቁላት።

የታንኳው ነገር እንዲህ ነው። በጎርፉ ዓመት የአያ ንብረት ግቢ እንደ ደሴት በውሃ ተከቦ ነበር። የሚወጡት የሚወርዱት በአንዲት የደንገል ታንኳ ነው። እሳቸው ደግሞ ሲቆጡ ድምፃቸው ከውሃው ማዶ የሚሰማ፣ ስድባቸውም እንደ ቅኔ የሚያዝ ሰው ነበሩ። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ጧት ተነሥተው ታንኳቸውን ሲያጡ የሚሉትን ለመስማት ብዬ፣ ጎሕ ሲቀድ ገመዷን ፈታሁና እየገፋሁ ወሰድኳት። ሩቅ ልደብቃት ነበር፤ ክንዴ ዛለብኝና ከትዕዛዙና ከካሰች ጎጆ ጀርባ ካለው ግራር ላይ አሰርኳት። ያን ጊዜ ገና መንደር ውስጥ ነበሩ፤ ከተጋቡም ሦስት ወራቸው ነው። ቀልዱ እስከ ረፋድ ነበር የታሰበው። ረፋድ ላይ ግን ውሃው ጨመረ፤ ጉብታው ላይ ታስራ የነበረችው የአያ ንብረት ጊደር፣ ያቺ ነጭና ጥቁር የፎገራ ጊደር፣ እሳቸው በሌላኛው ዳር ቆመው እያዩ ውሃ ወሰዳት። ታንኳ ቢኖራቸው ይደርሱላት ነበር። ያን ቀን ስድብ አልሰማሁም። አልጮኹም። ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ፤ እኔም አፌ ተያዘ። ታንኳዋ ማታ ከትዕዛዙ ቤት ጀርባ ስትገኝ አፌ እንደተያዘ ነበር። እነሆ እስከ ዛሬ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «አላጠፋሁም» የሚል ሰው ያልተቀጣ ነው፤ እናቱን ያሰድባል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ አንደኛው «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ሌላኛውም ዝቅ ብሎ «ኧረ እኔም አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ፤ በግ ይታረዳል። ማን ምን እንዳጠፋ አጥብቆ የሚጠይቅ የለም፤ ሥጋው ይቀዘቅዛል። ትዕዛዙም «አጥፍቻለሁ» አለ። አያ ንብረትም «እኔም ጊደሬን ጉብታ ላይ አስሬ ማደሬ ጥፋት ነው» አሉ። ተሳሳሙ። በጉ ተበላ፤ ከሥጋው እኔም በልቻለሁ፤ አጥንቷ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለች። ዳሩ ግን ጊደሯ በሄደችበት ቀን አንድ ሰው ለፖሊስ ተናግሮ ስለነበር ነገሩ ከወር በኋላ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው «ድርጊቱን ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?» ሲለው ትዕዛዙ እንደለመደው ዝቅ ብሎ «አጥፍቻለሁ» አለና «እኔም» የሚለውን ሰው ለመስማት ግራና ቀኙን አየ። ማንም «እኔም» አላለም። ጸሐፊው ብቻ ጻፈ። ስድስት ወር በገደብ ተፈረደበት። ገደብ ማለት ይቅርታ መስሎት አመስግኖ ወጣ።

ሁለተኛው ክስ ሌላ ነው። ሠርካለም የታመመች ጊዜ፣ እኔ ከምሠራበት መፈልፈያ ቤት ግማሽ ጆንያ ሩዝ ወስዷል። ይችን ሰርቋል፤ ላስተባብል አልመጣሁም። ስምንት ወር ታስሮባታል። ሲጠየቅም በአንድ ቃል አምኗል፤ ትዕዛዙ ማመን ይወዳል።

ጧት አራት ሰዓት ላይ ተጠራን። ትዕዛዙን ሁለት ፖሊሶች አምጥተውት የተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ ቆሟል። ከስቷል። ከኋላው የተቀመጥነውን ሲያይ እንደ ሠርግ ሰው ለእያንዳንዳችን እጅ ነሣ፤ ለአያ ንብረት ሁለቴ። ጎማው ጠረጴዛ ላይ ተጠቅልሎ፣ ወረቀት ተለጥፎበት፣ ከዐቃቤ ሕጉ ቦርሳ አጠገብ ተኝቷል። የዶሮው ኩስ እንኳ አልተጠረገም። ዳኛዋ ወጣት ናት፤ ጉንፋን ይዟታል። ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ስለቀረው ጠረጴዛዋ ላይ ያለው መዝገብ አፍንጫዋ ድረስ ደርሷል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ማንም ማንንም ስለማይሰማ ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ዝናቡ ሲያባራ ሕጉ ካቆመበት ይቀጥላል። ዐቃቤ ሕጉ እንዲያ እየቆመ እየቀጠለ፣ ተከሳሹ ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ የተቀጣ፣ በቅጣቱ ያልታረመ፣ ጥፋትን ልማዱ ያደረገ መሆኑን አነበበ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ሳጥኑ ውስጥ ካለው ጋር አይተዋወቁም። ተከላካይ ጠበቃው ሰውመሆን በዚያች ጧት አሥራ አንድ መዝገብ ይዞ ነበር፤ ደግ ልጅ ነው፤ እህቴን ግን ሁለት ጊዜ «ወይዘሮ ትርሲት» ብሎ ጠራት። ትርሲት የሌላ መዝገብ ሚስት ናት።

አያ ንብረት ሳይጠሩ ተነሡ። ፖሊሱ ሊያስቀምጣቸው ሲል ዳኛዋ «ይናገሩ» አለች።

«የታንኳው ባለቤት እኔ ነኝ። እኔና ይህ ልጅ ታርቀናል። በግ በልተናል። ሴት ልጁን ክርስትና ያነሣቻት የእኔ ባለቤት ናት። ታዲያ ያለቀ ነገር ለምን ዛሬ ይቆጠርበታል?»

ዳኛዋ መዝገቡን ገለጠች፤ እስከ መጨረሻው ገለጠች፤ ቸኩላ አይደለም። «አባቴ፣ ጥፋቱን ማመኑ እዚህ አለ። ዕርቁ መዝገቡ ላይ የለም» አለች።

«የለም? አጥንቱን እንኳ ውሻ ሲግጥ አይቻለሁ እኮ።»

ሰው ሳቀ፤ እሷም አፍንጫዋን ጠረገች። ውሳኔውን ለመስማት ለስምንት ሰዓት ተኩል ተቀጠረ።

ጠበቃውን ደጁ ላይ፣ ጃንጥላ ሲዘረጋ ያዝኩት። የድሮ ቅጣቱ ሁለት ባይሆን፣ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮስ? አልኩት። አንድ ቢሆን ዳኛዋ የእጅ ስፋት ነበራት፣ ምናልባት በገደብ ትለቀው ነበር አለኝ፤ ሁለት ሲሆን ግን የቅጣት መመሪያው እርከን በእርከን ወደ ላይ ይወስደዋል፣ እሷም ብታዝን ብታለቅስ ከተቀመጠው በታች መውረድ አትችልም። እርከን እኔ የማውቀው አፈር እንዳይሸረሸር ተራራ ላይ የሚሠራውን ነው። ይኼኛው ሰው የሚሸረሸርበት ነው። «እንግዲያው አንዱ ውሸት ነው» ብዬ የታንኳውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ሰውመሆን እያዳመጠ ፈገግ አለ፤ ጊደሯ ጋ ስደርስ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ባየህ፣ የቤቱ ትሻላለች። ይቺ ገና አልበሰለችም» ብሎኝ ወደ ምሳው ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁለት ሰዓት ከፎገራ ሜዳ ይረዝማል። ካሰችና አያ ንብረት በረንዳው ላይ አንድ ዳቦ ለሁለት ቆርሰው ማንኛቸውም ሳይበሉት ይዘውት ተቀመጡ። እኔ በመካከላቸው ገባሁ። መጀመሪያ ለእህቴ መናገር እንደነበረብኝ ጠፍቶኝ አይደለም። ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ አንዴ ስለ ዝናቡ፣ አንዴ ስለ በሶው፣ አንዴ ደግሞ ስለ አያ ንብረት ጥላ ተናገርኩ። «ምን ሆነሃል ዛሬ?» አለችኝ። ዳቦውን ሰጠችኝ። በላሁት።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዳኛዋ ወረቀቷን አንሥታ ልታነብ ስትል፣ ቆምኩ። እግሬ ነው የቆመው ማለት ይሻላል። «የምናገረው አለኝ፤ የታንኳው ጥፋት የእኔ ነው» አልኩ። ፖሊሱ ወደ እኔ መጣ። ዳኛዋ በእጇ አስቆመችውና «አጭር አድርገው» አለች።

እኔም ጀመርኩ። «በጎርፉ ዓመት…»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊው ሳቀ፤ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ፣ አብረን የተማርን ነን፣ አፉን በቆቡ ሸፈነ። ዐቃቤ ሕጉ እንኳ፣ ከደብረ ታቦር በመጣ በሁለት ወሩ፣ የቤቱን ታሪክ ሰምቷል ማለት ነው። ወረታ ውስጥ «በጎርፉ ዓመት» ብዬ ጀምሬ ያልሳቁልኝ ቀን የለም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ አስለምጃቸዋለሁ። ዳኛዋ ጠረጴዛ መታች። እኔ ቀጠልኩ፤ ገመዱን፣ ግራሩን፣ ጊደሯን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። በሕይወቴ አንድም ነገር ሳልጨምርበት ያወራሁት ወሬ ያ ብቻ ነው፤ እንዴት ያለ ደረቅ ወሬ ሆነ መሰላችሁ። ሳቁ ቀስ እያለ ቢበርድም አመኑኝ ማለት አይደለም፤ ወሬው አልጣፈጣቸውም።

«ምስክር አለህ?» አለች ዳኛዋ።

«የለኝም። ሰው እያየኝ ቢሆን አልወስዳትም ነበር።»

«ያኔ ለምን አልተናገርክም?»

ወደ ኋላ ስዞር የማልፈልገውን አየሁ፤ ካሰች ሁለቱን ፌስታል ደረቷ ላይ አቅፋ ታየኛለች። እየሳቀች አልነበረም፣ እያለቀሰችም አልነበረም። አያ ንብረት መሬት መሬት ያያሉ። «በጉ ጣፍጦኝ ነው» አልኩ። ማሾፌ አልነበረም፤ ከእውነቱ ሁሉ ያጠረው እሱ ነበር።

ዳኛዋ ዝናቡ እስኪያልፍ ይሁን ሌላ ነገር እስኪያልፍላት እንጃ፣ መዝገቦቹን ስትደረድር ቆየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ብታምነኝ እንኳ ያ መዝገብ ተዘግቷል፣ እሷ ልትከፍተው ሥልጣን የላትም፣ የሚጠየቅበት ሌላ ቦታ አለ፣ እዚያም ቃል ብቻ አይበቃም አለች። ወረቀቷን አነበበች። አራት ዓመት ጽኑ እስራት። በልቤ አካፈልኩት፤ ለአንድ ሜትር አንድ ዓመት ከአራት ወር ይደርሳል፤ ሱቅ ውስጥ አዲሱ ጎማ ሜትሩ ዘጠና ብር ነው። ሳነጻጽር ጠፋኝ፣ ሒሳብ ነበር ሦስቴ የጣለኝ። ዳኛዋ ትዕዛዙን የሚለው ካለ ጠየቀችው። «አጥፍቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ ዝቅ ብሎ። ጸሐፊው ጻፈ።

ሲያወጡት በእኔ በኩል ነው ያለፈው። ፖሊሱ፣ ያ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ ጫማውን የሚያስር መስሎ ጎንበስ አለና ጊዜ ሰጠን። ትዕዛዙ ራሱ ጀመረ።

«ዝም ብትል ይሻል ነበር፤ እህትህን አሳዘንካት።»

«አላመኑኝም እኮ።»

«እኔ ድሮም አውቃለሁ። የታንኳዋን ቋጠሮ ያን ቀን አይቼዋለሁ። እንዲያ አርጎ፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ፣ ታንኳ የሚያስር ሰው ከአንተ በቀር ፎገራ ውስጥ የለም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ሚስት ባገባሁ በሦስት ወሬ ዋርሳዬን ላሳስር?» አለና፣ ነገሩ ግልጽ አይደለም ወይ በሚል ዓይን አየኝ። ካሰች ጋቢ ያለበትን ፌስታል ሰጠችው። ተቀብሎ በሁለት እጁ ያዘው፤ እጁ የታሰረ ስለሆነ በሁለት እጅ ከመያዝ ሌላ ምርጫም አልነበረውም። ወሰዱት።

ደጅ ላይ ጠበቃው ሰውመሆን አግኝቶን ይግባኝ እንጽፋለን አለ፤ እህቴንም ለመጀመሪያ ጊዜ «ወይዘሮ ካሰች» ብሎ ጠራት። ይህም አንድ ነገር ነው። እኔን ደግሞ ከእግር እስከ ራስ አየኝ፤ «ያ ነገር እውነት ነበር እንዴ?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ የሌላ መዝገብ ሰው ጎተተው። አያ ንብረት ጥላቸውን እየዘረጉ ወደ እኔ መጡ። ይመቱኛል ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ ቢመቱኝም ደስ ይለኝ ነበር። «ለአንተም ይቅር ብያለሁ» አሉኝ። «ግን የት እንደሚጻፍ አላውቅም።» ጥላውን ለካሰች ትተውላት፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ወደ ባጃጁ ሄዱ።

ከፍርድ ቤቱ እስከ መናኸሪያው የሚወስደው መንገድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እሷ ከፊት ጥላውን ይዛ፣ እኔ ከኋላ ዝናቡን ይዤ ሄድን። መፈልፈያ ቤቱ ጋ ስንደርስ ልጆቹ ከጆንያው ላይ ሆነው «ባየህ፣ ዛሬ ዳኛዋን አሳቅሃት አሉ፤ ና ንገረን» ብለው ጠሩኝ። ዜና በወረታ ከባጃጅ ይቀድማል። አልሄድኩም። ካሰች ዞር ብላ አላየችም፤ ሸሚዙ ያለበትን ፌስታል ግን ዝናብ እንዳይነካው ወደ ቀሚሷ ውስጥ አስገባችው።

ቤት ገብታ ሸሚዙን አወጣችና ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። ደረቅ ነበር። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ፤ ግባ ብላ እንድትሰድበኝ፣ ውጣ ብላ እንድታባርረኝ፣ ማንኛውንም ጠበቅኩ። ውጭ ያ ውሃ ከበርሜሉ አንድ ክንድ ርቆ ይወርዳል። ሠርካለም ከጎረቤት ልትመጣ ነው፤ ስትመጣ ደግሞ የምትጠይቀው ይታወቃል። ካሰች ይህን ሁሉ የምታስብ መስሎኝ ነበር።

«ያችን የቤቱን ንገረኝ እስቲ» አለችኝ።

ከእኔ አፍ የማይወጣ ወሬ መኖሩን ያወቅሁት ያኔ ነው። «የቱን ቤት?»

«ጎርፍ የወሰደውን። ለሰው ሁሉ ስትነግር እሰማለሁ፤ ለእኔ አንድ ቀን ነግረኸኝ አታውቅም።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በጎርፉ ዓመት፣ አልኩ፣ ርብ ሞልቶ ሲወጣ ቤታችንን ከነምድጃዋ አንሥቶ ወሰዳት። ሽሮው እንደተጣደ ነው። አልሳቀችም፤ እያየችኝም አልነበረም፤ ዓይኗ ሸሚዙ ላይ ነው።

«ትዕዛዙን የት አደረግኸው?» አለች።

በዚያ ወሬ ውስጥ ትዕዛዙ ኖሮ አያውቅም። «ከፊት ነው» አልኳት፤ «ታንኳ ላይ ሆኖ ቤቲቱን በገመድ ይስባል።»

«ታንኳው የማን ነው?»

«የአያ ንብረት። የወሰድኩት እኔ ነኝ። አስሬም አላሰርኩት፤ እሱ ነው ቋጠሮውን ያስተካከለው።»

ዝናቡ ትንሽ ጋብ ብሎ መልሶ መጣ።

«ጊደሯስ?»

«ጊደሯም ተሳፍራለች» አልኩ። «ምድጃው አጠገብ ተኝታ ታመሰኳለች።»

ካሰች እግሯን አልጋው ላይ አወጣችና ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከዚያ ከተገለበጠ ጽሑፍ ሥር ተቀመጠች።

«ቀጥል» አለችኝ።